ያገለገለ የመኪና ቸርኬ ምን እንደለበሰ መለየትና ማብረቅረቅ

ጅማ መኪና ያለው ሰው ያውቀዋል፣ ዝናብ ገብቶ ቀዩ ጭቃ ቸርኬ ላይ መጋገር ከጀመረ አሉሚኒየሙም ኒኬሉም ተራው ብረትም አንድ አይነት ነው ሚመስለው። ዝናቡ ጋብ ሲል ታዲያ ሁሉም ቸርኬዬን ላሳምር ይላል፣ አንዱ የድስት ማጠቢያ ሽቦ ያነሳል፣ አንዱ ላቫጆ ሄዶ በአሲድ እጠቡልኝ ይላል፣ አንዱ ደሞ አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ አሎይ (የአሉሚኒየም ቸርኬ) አስመጥቶ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ይጀምራል። ሶስቱም ደህና ቸርኬ ሊያበላሹ ይችላሉ፣ ለምን ብትሉ ቸርኬው ምን እንደለበሰ ገና አላወቁም። መፈተጉ ትዕግስት ብቻ ነው ሚፈልገው፣ ከባዱ መለየቱ ነው፣ ስለዚህ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ እጠቡት። ጥላ ውስጥ፣ ቸርኬው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ምክንያቱም ትኩስ ቸርኬ ላይ ሳሙና ቶሎ ይደርቅና እድፍ ይተዋል። ጭቃውን በውሃ ብቻ አርሱትና ራሱ ይውረድ፣ አሸዋ እያለበት በጨርቅ ካሻችሁት ጭረት በጭረት ነው ሚሆነው። ከዛ ላርጎና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ያ ጥቁር ዱቄት ከፍሬን የሚወጣ ነው፣ ውስጡ የብረት ብናኝ ስላለ ከቆየ ይዝግና ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፣ እሱን በየጊዜው ማጠብ ነው መፍትሄው። ሬንጅ ከተለጠፈበት በላምባ የረጠበ ጨርቅ ያነሳዋል፣ ከዛ በሳሙና ድገሙት። እጣቢውን ደሞ እባካችሁ አዌቱ ወንዝ ውስጥ አትድፉት።

አሁን መለየት። ማግኔት ፈልጉ፣ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይሆናል። ቸርኬው ላይ ጥብቅ ብሎ ከያዘ ብረት ነው፣ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው። ጀርባውንም እዩ፣ የጃፓን አሎይ ቸርኬ ላይ ብዙ ጊዜ ጄ ደብሊው ኤል የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት በቅርፅ ወጥተው ታገኛላችሁ፣ የጃፓን የአሎይ ቸርኬ ደረጃ ምልክት ነው።

ቀጥሎ የጨርቅ ሙከራ፣ እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው እሱን ነው። ነጭ ያረጀ ካናቴራ ቅደዱ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታክል ሜታል ፖሊሽ አርጉበት፣ ብራሶም ይሆናል። ከቸርኬው የማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከክንዱ በውስጥ በኩል፣ ጣት የምታክል ቦታ ለግማሽ ደቂቃ እሹ። ጨርቁ ቢጠቁር ወዲያው አትወስኑ፣ ቆሻሻም ያጠቁራል። ንፁህ ጨርቅ ይዛችሁ እዛው ቦታ ድገሙት። አሁንም ከጠቆረ የሚወጣው ራሱ አሉሚኒየሙ ነው፣ ማለትም ምንም ያልለበሰ ባዶ ሜታል ነው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከቀረ ላዩ ላይ ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለው መከላከያ ቫርኒሽ፣ አለ፣ ወይም ኒኬል ነው። ጨርቁ ሲልቨር ወይ ሌላ ቀለም ካመጣ ደሞ ክሊር የሌለው ቀለም ነው፣ አንዳንዴ ሻጩ ትናንት ማታ የነፋው ስፕሬይ ሊሆን ይችላል።

ክሊሩንና ኒኬሉን በአይን ትለያላችሁ። ኒኬል የምንለው ክሮም ትንሽ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፣ ፊታችሁን እንደ መስታወት ቁልጭ አርጎ ያሳያል፣ ሲላጥ ደሞ ጠርዙ ጣት ይቆርጣል። ክሊር ያለው ቸርኬ ላይ ቀለሙ ከስር ነው ሚታየው፣ ብዙ ፋብሪካ የወጡ አሎዮች እንደዚህ ናቸው። ፊቱ የሚያብረቀርቅ ሆኖ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ክብ ክብ እየሆኑ የሚዞሩ በጣም ቀጫጭን መስመሮች ካሉት በቶርኖ የተላጨ ቸርኬ ነው፣ እሱም ከላዩ ክሊር ለብሷል። ከክሊሩ ስር ነጫጭ ትል የሚመስሉ መስመሮች ከሄዱ ደሞ ከተጫረ ቦታ እርጥበት ገብቶ አሉሚኒየሙን እየበላው ነው። እሱ ከላይ በማሸት አይጠፋም፣ ክሊሩ ካልተነሳ ከንቱ ድካም ነው።

ገና ልትገዙ ከሆነ ቫልቩ ስር፣ የዳዶ ቀዳዳዎቹ ውስጥና የባላንስ እርሳሱ ላይ እዩ፣ እዛ ላይ ስፕሬይ ካለ ቸርኬው አዲስ ተቀብቷል ማለት ነው፣ ስር ስቱኮ ወይ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ጀርባውን በባትሪ መብራት ዙሪያውን ፈትሹ። የተሰነጠቀ ወይም በብየዳ የተያያዘ ከሆነ ተዉት፣ በምንም ዋጋ አትግዙ፣ የጊቤን ቁልቁለት በሱ ልትወርዱ ነው እኮ።

ወደ ስራው እንሂድ። ቸርኬውን አውርዱት፣ ፈርማ ማኖ ያዙ፣ ከሌላ ጎማ ስር ድንጋይ አድርጉ፣ መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ስሩ አትግቡ። ከቻላችሁ ጎሚስታ ጋ ጎማውን አስወልቁት፣ ካልሆነ የጎማውን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኑ። ጓንት፣ መነፅርና ማስክ አድርጉ፣ የአሉሚኒየም ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ባዶ አሉሚኒየም ከሆነ እድለኞች ናችሁ፣ ቤት ውስጥ ምርጥ ውጤት ሚሰጠው እሱ ነው። ጥልቅ ጭረት ካለው በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ፣ ከሌለው ከ800 መጀመር ይቻላል። ከዛ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000 እያላችሁ ትወጣላችሁ፣ ሁሉም በውሃ ነው፣ የውሃውን ወረቀት ግዙ፣ ባልዲው ላይ ጠብታ ላርጎ ጨምሩ። ሚስጥሩ ምን መሰላችሁ፣ ቁጥር በቀየራችሁ ቁጥር የምትፈትጉበትን አቅጣጫም ቀይሩ። በ600 ወደ ጎን ከሆነ በ800 ወደ ላይና ወደ ታች። የበፊቱ ጭረት ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ወደሚቀጥለው አትለፉ፣ 2000 ላይ ደርሳችሁ የ400ው ጭረት ቢታያችሁ እሱን 2000 አያጠፋላችሁም፣ ወደ ኋላ መመለስ ነው። በየመሃሉ እጠቡና አድርቁት፣ ውሃ ጭረት ይደብቃል።

ከ2000 በኋላ ቸርኬው ግራጫ ግን በጣም ለስላሳ ይሆናል፣ ይሄ ነው እንዴ አትበሉ፣ ብርሃኑ ከፖሊሹ ነው ሚመጣው። ኦቶሶል ወይ ሌላ የአሉሚኒየም ፖሊሽ በጨርቅ እየቀባችሁ ትንሽ ትንሽ ቦታ እሹ። መጀመሪያ ጥቁር ይሆናል፣ ቀጥሉ፣ ጥቁሩ መድረቅ ሲጀምር በንፁህ ጨርቅ ጥረጉት፣ ስሩ ሲያብረቀርቅ ታያላችሁ። ሁለት ሶስት ዙር ያስፈልጋል። ትራፓኖ ላይ የሚገጠም የስፖንጅ ወይም የጨርቅ ኳስ ካገኛችሁ ስራው በግማሽ ይቀላል፣ ፍጥነቱን ግን ዝቅ አርጉት። መጨረሻ ላይ የሚቀረውን ጥቁር ቅባት የበቆሎ ዱቄት በትኖ በደረቅ ጨርቅ ማሸት ልቅም አርጎ ያወጣዋል።

ክሊር ያለው ከሆነ ሜታል ፖሊሽና ሸካራ ወረቀት የሚባል ነገር አታስጠጉት። ለመኪና ቀለም የሚሆን ኮምፓውንድ ቀባ አርጋችሁ ቀስ ብላችሁ እሹ፣ ከዛ ዋክስ። ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዝ ጭረት በማሸት አይወጣም፣ ያኔ ወይ ከነጭረቱ መኖር ወይ ሁሉንም አንስቶ እንደገና ማስቀባት ነው። በቶርኖ የተላጨውም እንደዛው፣ ክሊሩ ከተበላሸ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጨት ይቻላል፣ ግን በላጩት ቁጥር ሜታሉ ይቀንሳል፣ ደጋግሞ ሚሰራ ነገር አይደለም።

ኒኬል በሳሙና፣ ከዛ በክሮም ፖሊሽ። ትናንሽ ዝገት ካለው የምግብ መጠቅለያ ፎይል አጨማዳችሁ በውሃ አርሳችሁ እሹት፣ ፎይሉ ከክሮሙ ለስላሳ ስለሆነ አይጭረውም። መላጥ የጀመረ ከሆነ ግን ምንም ፖሊሽ አይመልሰውም። ተራው የብረት ቸርኬ ደሞ አይብረቀረቅም፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አውርዱ፣ አንቲረስት፣ ከዛ ሲልቨር በስሱ ሶስት ጊዜ፣ በመሃሉ እያደረቃችሁ፣ አለቀ።

የማይነኩ ነገሮች ልንገራችሁ። የባትሪ አሲድ በፍፁም፣ አሉሚኒየሙንም ክሊሩንም እጃችሁንም ይበላል። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየም ሲነካ ይፈላል፣ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፣ በእሳት የሚነሳ ነው። በረኪና ኒኬልንም አሉሚኒየምንም ያበላሻል። የብረት ሽቦ አሉሚኒየም ላይ ብናኙን ትቶ ይዝጋል፣ አብረቀረቀ ስትሉ በሳምንቱ ቡናማ ነጥብ ይወጣበታል።

ስትመልሱት ቸርኬው መኪናው ላይ የሚቀመጥበት ጀርባና ዳዶው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለምም ዋክስም አይኑር። ቀለም ካለ ዳዶው ጠብቆ ይመስላችኋል፣ እየነዳችሁ ቀለሙ ሲጨፈለቅ ይላላል። ዳዶውን አንዱን አስራችሁ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ በኮከብ ቅርፅ፣ መሬት ካወረዳችሁት በኋላ አጥብቁ። የማጥበቂያ ልኩ (ቶርኩ) እንደ ቪትዝና ኮሮላ ላሉ ትናንሽ ቶዮታዎች 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ ቶርክ የሚለካ ቁልፍ ያለው ጋራዥ ያስተካክልላችኋል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ደግማችሁ ፈትሹ።

ባዶ አሉሚኒየም ላዩ ላይ ክሊር ስለሌለ በአየርና በእርጥበት ይደበዝዛል፣ ዋክስ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። በጋ ላይ በየሁለት ወሩ ዋክስ ይበቃል፣ በዝናቡ ወራት ግን እኔ በየሁለት ሳምንቱ ጭቃውን አጥቤ እቀባለሁ፣ ሩብ ሰዓት ነው ሚፈጀው።