የሸሚዝ ካፍ እንዴት ይመረጣል? ባለ አንድ ቁልፍ፣ ባለ ሁለት ቁልፍ ወይስ ባለ ካፍ ሊንክ

ፒያሳም ሆነ መርካቶ ሸሚዝ ሲገዛ አንገቱ ይለካል፣ ኮሌታው ይታያል። ካፉ ግን፣ ማለትም እጅጌው ጫፍ ላይ የሚቆለፈው ጠንካራ ክፍል፣ ታጥፎ በስፒል ተይዞ ስለሚመጣ ሳይታይ ይታለፋል። አስፈትተው ይዩት። ኮት ሲለበስ ከሸሚዙ እጅጌ የሚታየው እሱ ብቻ ነው።

1. ከኮቱ ይጀምሩ

ሸሚዙን በሚለብሱት ኮት ስር ይሞክሩት። ክንድዎን ወደፊት ዘርግተው መልሰው ያውርዱ። የኮቱ እጅጌ ካፉ ላይ ተይዞ ከቀረ ወይ እጅጌው ጠባብ ነው ወይ ካፉ ወፍራም ነው። ጠበብ ተደርጎ የተሰፋ ኮት ባለ ካፍ ሊንኩን፣ ማለትም በተሰፋ ቁልፍ ፈንታ በተነቃይ ጌጥ የሚያያዘውን፣ አይችለውም፤ ይህ ካፍ ወደ ኋላ ስለሚታጠፍ ውፍረቱ የተራው እጥፍ ነው። ያለዎት እንዲህ ያለ ኮት ብቻ ከሆነ ምርጫው እዚህ ላይ አልቋል፤ ባለ ቁልፉን ይውሰዱ።

2. የእጅ አንጓዎን ይለኩ

ሜትሩን አጥንቱ ላይ ያዙሩ። 17 ሳንቲሜትር ከመጣ፣ ተቆልፎ የሚዞረው ካፍ ከ21 እስከ 22 ይሁን። ወፈር ያለ ሰዓት የሚያስሩ ከሆነ በዚያ እጅ ላይ 1 ሳንቲሜትር ያስጨምሩ።

ብዙ ሸሚዝ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ካፉ ሳይፈታ እጅዎ ሾልኮ ከወጣ ሰፊ ነው። ሰፊ ካፍ ወርዶ መዳፍ ላይ ይተኛል፤ ባለቤቱም እጅጌው ረዝሟል ብሎ ያሳጥረዋል። ከዚያ በኋላ ክንዱን ባጠፈ ቁጥር እጅጌው ወደ ክርኑ ይሸሻል። ማሳጠር አያስፈልግም ነበር፤ ልብስ ሰፊው ቁልፉን 1 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ቢያዛውረው ይበቃል።

በትክክል የተለካ ካፍ ክንድ ወደ ታች ሲወርድ አውራ ጣት ከአንጓ የሚነሳበት ቦታ ላይ ያበቃል፤ ከኮቱም ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲሜትር ይወጣል። ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ ከሆነና አስቀድሞ ካልታጠበ ትንሽ ርዝመት ያስተርፉለት፤ ሲታጠብ ያጥራል።

3. ዓይነቱን ይምረጡ

ባለ አንድ ቁልፍ፤ ለቢሮ፣ ለስብሰባ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ። አንድ ደህና ሸሚዝ ብቻ የሚገዛ ሰው ይህን ይግዛ። በሐምሌ ብርድ ሹራብ ቢደረብበትም አይጎረብጥም።

ሁለት ቁልፍ ያለው በሁለት መልክ ይመጣል። ቁልፎቹ ጎን ለጎን ከሆኑ ስፋትን ለማስተካከል ነው፤ አንጓቸው ቀጭን ለሆነና ዝግጁ ሸሚዝ ለሚገዙ ይጠቅማል። ላይና ታች ከሆኑ ካፉ ረዘም ያለ ነው፤ ክንድ ላይ ሳይጣመም ይቀመጣል፤ ከባለ አንዱም ትንሽ የክብር መልክ አለው።

ባለ ካፍ ሊንኩ ለሙሽራ፣ ለሚዜና ለትልቅ የማታ ግብዣ ነው። በጥር ሰርግ ሊለብሱት ካሰቡ ግን ምግቡን ያስቡ። እንጀራ በእጅ ነው የሚበላው፤ የቀኝ እጅ ነጭ ካፍ ደግሞ ወጥ አጠገብ ነው የሚውለው። ባለ ቁልፉን እጅ ከመታጠብ በፊት ፈትቶ ሁለት ጊዜ መጠቅለል ይቻላል፤ ካፍ ሊንክ ሲፈታ ግን ማስቀመጫ ይፈልጋል። የውስጥ ኪስ ውስጥ ይክተቱት እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይተዉት።

በሁለቱም ጎን ቀዳዳ ያለው፣ በቁልፍም በካፍ ሊንክም የሚሠራ ሸሚዝም ይሸጣል። አንመክረውም። ስለማይታጠፍ የባለ ካፍ ሊንኩ ግርማ የለውም።

4. ካፍ ሊንኩን ሲያስሩ

ካፉን መጀመሪያ ወደ ኋላ እኩል ይጠፉ፤ አራቱ ቀዳዳዎች መገጣጠም አለባቸው። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች እንደ ባለ ቁልፉ አንዱን በሌላው ላይ አይደርቡ፤ ውስጣቸው ተገናኝቶ ጎን ለጎን ይቁሙ። ጌጡ ያለበት ፊት ወደ ውጭ ይሁን፤ እጅ ወደ ታች ሲወርድ ለሚያይ ሰው የሚታየው እሱ ነው።

5. የሚያሰፉ ከሆነ

ማዕዘኑን ክብ ያስደርጉት። ቀጥ ያለ ማዕዘን ያምራል፤ ግን ጫፉ ላይ ቶሎ ይበላል። ከካፉ በላይ ባለው ስንጥቅ ላይም አንዲት ትንሽ ቁልፍ ያስተክሉ፤ ካልተደረገች ክንድ ሲታጠፍ ስንጥቁ ተከፍቶ ቆዳ ያሳያል።

የካፉ ውስጥ ማጠንከሪያ በሙጫ የተለጠፈ ከሆነ በጣም የጋለ ካውያ ይለቀዋል፤ ጨርቁም አረፋ ያወጣል፤ ያ ደግሞ አይመለስም። መጠነኛ ሙቀት ይጠቀሙ፤ በመጀመሪያ የውስጡን ፊት፣ ከጠርዝ ወደ መሃል ይተኩሱ። ባለ ካፍ ሊንኩ ተዘርግቶ ይተኮሳል፤ እጥፋቱ በእጅ ይታጠፋል እንጂ በካውያ አይጫንም። በካውያ የተሰመረ እጥፋት ጨርቁ መጀመሪያ የሚሳሳበት ቦታ ይሆናል።