ውሻችሁ ምጥ ሲጠናባት፦ ከቤት እስከ ቀዶ ጥገናው አልጋ

ለውሻችን ለሊሊ የመጀመሪያ ወሊዷ ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ታምጣለች። እኛ «ውሻ መቼ ሐኪም ፈለገች፣ ራሷ ትገላገላለች» ብለን ቁጭ አልን። ሐኪም ጋ የደረስነው ሲነጋ ነው። ከአምስቱ ቡችሎች ሁለቱ ሞተው ወጡ። ሐኪሙ «ምነው ሌሊት ብትደውሉልኝ» አለን፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ያን ሌሊት ባውቀው ኖሮ ያልኩትን ሁሉ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ቀድሞ መዘጋጀት

የውሻ እርግዝና ወደ 63 ቀን ነው። ከወንድ ከተገናኘችበት ቀን ሲቆጠር ከ58 እስከ 68 ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ቀኑን ጻፉት። በመጨረሻው ሳምንት ራጅ ካስነሳችኋት ስንት ቡችላ እንዳለ ታውቃላችሁ። ይሄ ሌሊት ላይ «አልቋል ወይስ ቀርቷል?» ከሚል ጭንቀት ያድናል።

በዚሁ ሳምንት ጠዋትና ማታ ሙቀቷን በቴርሞሜትር ለኩ። ጫፉን ቫዝሊን ቀብታችሁ በፊንጢጣዋ በኩል ነው። ጤነኛ ውሻ 38.5 ዲግሪ አካባቢ ናት። ከ37.2 በታች ከወረደ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ምጥ ይጀምራል ማለት ነው።

ሌላው ስልክ ነው። ሌሊት የሚያነሳና ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሐኪም ማን እንደሆነ ቀን ላይ ጠይቁ። ብዙ ክሊኒክ መድኃኒትና ክትባት እንጂ ቀዶ ጥገና የለውም። ውሻ የሚጭን ሾፌርም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በ8 ሰዓት ሌሊት መንገድ ላይ ቆሞ መለመን ከባድ ነው።

መቼ ነው የምትሮጡት?

የምጡ መጀመሪያ ረጅም ነው። ትንቆራጠጣለች፣ መሬት ትጭራለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ታለከልካለች፣ ምግብ ትተዋለች። ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ 24 ይቆያል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው። ሆዷን አጥብቃ ማማጥ ስትጀምር ግን ሰዓታችሁን ያዙ።

አጥብቃ 30 ደቂቃ አምጣ ቡችላ ካልመጣ፣ ደውሉ። ምጡ ደከም እያለ መጣ ሄድ ሲል 2 ሰዓት ካለፈ፣ ደውሉ። አንዱን ወልዳ ሌላው ሆዷ ውስጥ እያለ 2 ሰዓት ካለፈም እንደዚያው። ሙቀቷ ወርዶ 24 ሰዓት ሞልቶ ማማጥ ካልጀመረችም አትጠብቁ። ደም በብዛት ከፈሰሳት ወይም አቅቷት ከተዘረረች ደግሞ ስልኩን መንገድ ላይ ሆናችሁ ደውሉ።

በተለይ አንዱን ልብ በሉ። ከመጀመሪያው ቡችላ በፊት ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ የእንግዴ ልጁ መላቀቅ ጀምሯል፣ ቡችላው አየር እያጣ ነው። ሊሊ ይሄን አሳይታን ነበር። እኛ «የሽርት ውሃ ነው» ብለን አለፍነው። ከመጀመሪያው ቡችላ በኋላ የሚወጣ አረንጓዴ ግን የተለመደ ነው።

የኋላ እግሩ ቀድሞ ስለታየ ብቻ አትደንግጡ። ብዙ ቡችሎች እንደዚያ ይወለዳሉ። ወጥቶ መሃል ላይ ከቀረ ነው ችግሩ።

እስክትደርሱ

አትጎትቱ። ሆዷንም አትጫኑ። ጎረቤት «የምጥ መርፌ አለ፣ ውጉላት» ይላል። ኦክሲቶሲን ማለታቸው ነው። ቡችላው መንገድ ዘግቶ ከሆነ መርፌው ማህፀኗን ሊቀድ ይችላል። ሐኪም ራሱ መንገዱ ክፍት መሆኑን አይቶ ነው የሚሰጠው።

ምግብ አትስጧት፤ ማደንዘዣ ላይ ታስመልሳለች። የተወለዱ ቡችሎች ካሉ ካርቶን ውስጥ አብራችሁ ውሰዷቸው። ሃይላንድ ላይ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና አጠገባቸው አድርጉ። ማማጥ የጀመረችበትን ሰዓትም ጽፋችሁ ያዙ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የዋህ ውሻም ሕመም ሲበረታባት ትነክሳለች። ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አሁንም ይገድላል።

ሐኪሙ ምን ይሠራል?

በጓንት ይመረምራታል፣ በአልትራሳውንድ የቡችሎቹን ልብ ያያል። በደቂቃ ከ200 በላይ መምታት አለበት። ከ180 በታች ከሆነ ተጨንቀዋል። ከ150 በታች ከወረደ ክርክር የለም፣ ወደ ቀዶ ጥገና ነው።

የፊት እግሯ ላይ ግሉኮስ ይተከላል። ኦክስጅን ይሰጣታል። ሆዷን የሚላጩት ገና ሳትተኛ ነው፤ ማደንዘዣው ወደ ቡችሎቹም ስለሚያልፍ እያንዳንዷ ደቂቃ ትቆጠራለች። ከዚያ መሃል ሆዷ ላይ ይከፈታል። የውሻ ማህፀን ሁለት ክንፍ አለው፤ ቡችሎቹ በየክንፉ እንደ ባቄላ እሸት ተደርድረው ነው የሚገኙት። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ቀድዶ፣ አንድ በአንድ ወደዚያ እየገፋ ያወጣቸዋል። እትብቱን ቆንጥጦ ይቆርጥና ያቀብላል።

ለማን? ሌሊት ላይ ሐኪሙና አንድ ረዳት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። «ፎጣ ያዙ» ትባሉ ይሆናል። እኔ ተብያለሁ።

የሚሰጣችሁ ቡችላ እርጥብና ልፍስፍስ ያለ ነው። የሞተ ይመስላል። ማደንዘዣው እሱም ላይ አለና አትደንግጡ። ከፊቱ ላይ ሽፋኑን ግፈፉ። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ አፍና አፍንጫውን ጥረጉ። ከዚያ በደረቅ ፎጣ ጀርባውንና ደረቱን እሹ፤ ጠንከር አድርጋችሁ፣ ሳትጨፈልቁ፣ የእናቱ ምላስ እንደሚያደርገው። ፎጣው ሲርስ ቀይሩ። አንዳንዱ ይዞ ወደ ታች ያወዛውዛል፤ አታድርጉት፣ አንጎሉ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ደረቱን በሁለት ጣት ያዙ። ልቡ እየመታ ከሆነ እጃችሁ ቢዝልም ቀጥሉ። ሦስተኛው ቡችላ እጄ ላይ ከሩብ ሰዓት በላይ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ አወጣ። አለቀስኩ።

ሐኪሙ «ማህፀኗን ላውጣው?» ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ደግማ እንድትወልድ ካልፈለጋችሁ ወይም ማህፀኗ ከተጎዳ ጥሩ ሐሳብ ነው። ወተቷ አይደርቅም።

ቤት ስትመለሱ

ገና ያልነቃች እናት ቡችላዋን ልትጫነው ወይም ላታውቀው ትችላለች። በደንብ እስክትነቃ እናንተ እየያዛችሁ አጥቡላት። የመጀመሪያው ወተት በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ውስጥ ሆዳቸው መግባት አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት ያሉበት ቦታ ወደ 30 ዲግሪ ይሁን። የቀዘቀዘ ቡችላ አይጠባም። በየቀኑ በኩሽና ሚዛን መዝኗቸው፤ መጨመር አለባቸው።

ለእናቲቱ የሰው ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክም ይሁን ፓራሲታሞል፣ በፍጹም አትስጡ። ወጥም አይሆንም፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ሥጋ ያለው ሾርባ በሩዝ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ፣ በብዛት። ቁስሉ ካበጠ ወይም ፈሳሿ ከሸተተ ሐኪሙ ጋ ተመለሱ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ከተንቀጠቀጠችና እግሯ ከገተረ ካልሲየም አልቆባታል፤ ይሄም የሌሊት ሩጫ ነው።

የሊሊ ክር በ12ኛው ቀን ወጣ። በዚያው ቀን ሦስተኛው ቡችላ ዓይኑን ገለጠ።