ወደ ወንጪ በብስክሌት የሚወጡ ቡድኖች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የወንጪ ሐይቅ፣ ቅዳሜና እሑድን በብስክሌትና በድንኳን ለማሳለፍ ለሚፈልጉ ቡድኖች እጅግ የሚመች ቦታ ነው። በሰበታና በቱሉ ቦሎ አድርጎ ወሊሶ የሚደርሰው 114 ኪሎ ሜትር አብዛኛው ሜዳ ሲሆን፣ ከወሊሶ ሐይቁን እስከ ያዘው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ አፋፍ ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን ብስክሌተኛውን ከ2,060 ሜትር አንሥቶ ወደ 3,000 ሜትር ያወጣዋል። ከባዱ ክፍል የሚመጣው እግር ከዛለ በኋላ ስለሆነ፣ የስህተቶች ሁሉ ዋጋ የሚከፈለው ዳገቱ ላይ ነው። ከጓደኞቼ ጋር መንገዱን ደጋግመን ስለሄድንበት፣ ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹን በራሳችን ጉዞ አይቻቸዋለሁ።

ጊዜን በሜዳው ፍጥነት ማስላት

አንድ ቡድን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ቁርስን፣ ዕረፍትንና የጎማ ጥገናን ጨምሮ ወሊሶ የሚደርሰው ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ብዙዎች ከዚያ በኋላ የሚቀረውን 40 ኪሎ ሜትር በዚያው ፍጥነት አስልተው ከሁለት ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ እንጨርሰዋለን ይላሉ። ይሁን እንጂ ጭነት የያዘና 114 ኪሎ ሜትር የደከመ ሰው ዳገቱን በሰዓት ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ቢወጣ በርትቷል፤ ስለዚህ አራት ወይም አምስት ሰዓት ይፈጅበታል ማለት ነው። በአገራችን ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ስለምትጠልቅ የመጨረሻው ክፍል ከብቶች ወደ በረት በሚገቡበት መንገድ ላይ በጨለማ ይሆናል። ለጀማሪዎች የምመክረው ብስክሌቶቹን በመኪና እስከ ቱሉ ቦሎ አድርሶ ከዚያ መነሣት ነው። ርቀቱ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ዝቅ ከማለቱም በላይ በዓለም ገናና በሰበታ ከሚያልፈው የጭነት መኪና ግፊያ ይድናሉ። ከአዲስ አበባ በር እስከ ሐይቁ ሙሉውን ካልነዳን ጉዞው አይቆጠርም የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ ጽናታቸውን አከብራለሁ፣ ነገር ግን አዲስ ሰው ይዞ እንዲህ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም።

ብስክሌቱን ከነጭነቱ ሳይሞክሩ መነሣት

በከተማ ውስጥ ያለ እንከን የሚሠራ ብስክሌት ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ሲጫንበት ሌላ ጠባይ ያወጣል። የኋላው ጎማ ይጎብጣል፣ ካቴናው በቀላሉ ማርሽ ላይ ይዘላል፣ ፍሬኑም ዘግይቶ ይይዛል። ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ሙሉውን ጭነት አስሮ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ መውጣት ከሁሉ የተሻለ ፈተና ነው፤ እዚያ ላይ በቀላሉ ማርሽ እንኳ ተነሥቶ መቆም ግድ የሚሆንበት ሰው፣ ወይ ጭነቱን መቀነስ ወይ የኋላ ማርሹን ማስቀየር አለበት። ጭነቱንም በጀርባ ከመሸከም ይልቅ ከኋላ መጫኛው ላይ ዝቅ አድርጎ ማሰር ወገብንና ትከሻን ያሳርፋል። ሁለት ትርፍ ካመራዳሪያ፣ ማስቲሽና መንፊያ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር መሆን አለባቸው። ለምን ከእያንዳንዱ ሰው ጋር እንደምል በሚቀጥለው ስህተት ግልጽ ይሆናል።

አጃቢ መኪናውን ወደ ፊት መላክ

ይህ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ የሚፈጸመውም በመልካም አሳብ ነው። ሾፌሩ ቀድሞ ደርሶ ድንኳን ቢተክል፣ ሻይ ቢያፈላ፣ የደከሙት ሲደርሱ ዕረፍት ያገኛሉ ተብሎ ይታሰባል። በአንድ የታኅሣሥ ቅዳሜ እኛም እንዲሁ አደረግን። ከወሊሶ ከወጣን በኋላ መኪናው የሁላችንን ሹራብና ጃኬት፣ አብዛኛውን ውኃና ብቸኛውን መንፊያ ይዞ ቀደመ። ከመጨረሻዎቹ ሁለት ልጆች የአንደኛው ጎማ ከመድረሻችን 15 ኪሎ ሜትር ሲቀር ተነፈሰ፤ ስልኩም በዚያ አካባቢ አልሠራ አለው። ከፊት ያለነው እነርሱን ከኋላችን እየመጡ ነው ብለን ስናስብ፣ እነርሱ በላብ በራሰ ልብስ ከአንድ ሰዓት በላይ መንገድ ዳር ቆሙ። በመጨረሻ ያገኛቸው የአካባቢው ገበሬ ነበር፤ ቤቱ አስገብቶ እሳት ዳር አስቀመጣቸው፣ ልጁንም በፈረስ ወደኛ ላከው። የዚያን ሰው ደግነት አንረሳውም፤ ነገር ግን ባያገኛቸው ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ሳስብ አሁንም ያስጨንቀኛል።

ከዚያ ወዲህ ሕጋችን አንድ ነው፤ መኪናው ከመጨረሻው ሰው ኋላ ይሄዳል፣ ከእርሱም አይቀድምም። ከቡድኑ ጠንካራ የሆነ አንድ ሰው ደግሞ መጨረሻ ሆኖ እንዲነዳ አስቀድሞ ይመደባል፤ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስና የእጅ ባትሪ ሁሉም በየራሱ ይይዛል።

ሜዳው ላይ መበታተን፣ ዳገቱ ላይ ተጣብቆ መውጣት

በቱሉ ቦሎ ዙሪያ ያለው የበቾ ሜዳ ለጥ ያለና ነፋስ የሚበዛበት ነው፤ እዚህ ከሌላ ሰው ጀርባ ተጠግቶ መንዳት ነፋሱን ስለሚጋርድ በግልጽ የሚታወቅ ጉልበት ይቆጥባል። በዚህ ቦታ ጠንካሮቹ ሮጠው ሲሄዱ፣ ደካሞቹ ብቻቸውን ከነፋሱ ጋር ታግለው ወሊሶ ደክመው ይደርሳሉ። ዳገቱ ላይ ግን ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ነፋስ መጋረድ እምብዛም አይጠቅምም፤ የሰውን ፍጥነት ለመከተል መታገል ትንፋሽ ያሳጣል። ስለዚህ ሜዳውን ተራ በተራ እየመሩ በአንድነት ማለፍ፣ ዳገቱን ግን እያንዳንዱ በራሱ ትንፋሽ ወጥቶ በየ5 ኪሎ ሜትሩ መጠባበቅ ይበጃል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ሳንባው ከፍታን የለመደ ቢሆንም፣ ለዕረፍት ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ወይም ጓደኛ በመጣ በሁለተኛው ቀን ወደ 3,000 ሜትር መወሰድ የለበትም።

እስኪርብ ድረስ ሳይበሉ መንዳት

ዳገት ላይ ረሃብ ከተሰማ ጊዜው አልፏል፤ የበሉት ምግብ ጉልበት እስኪሆን ብስክሌቱን መግፋት ይመጣል። በስኳር የተበጠበጠ በሶ ጥቂት ጨው ጨምሮ በየግማሽ ሰዓቱ መጎንጨት፣ ዳቦ ቆሎና ሙዝ በኪስ መያዝ ከማንኛውም የውጭ ብስኩት ይሻላል። ጭኮም በቅቤ የሚታሽ በመሆኑ ብዙ ኃይል ይሰጣል። ለጉዞው ከሚመቹት ወራት ኅዳርና ታኅሣሥ ግን ከነቢያት ጾም ጋር ስለሚገጥሙ፣ ስንቅ የሚያዘጋጀው ሰው ማን እንደሚጾም አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል። ቅቤ የገባበትን ስንቅ ብቻ ይዞ መሄድ ጾመኛውን ባዶ ሆዱን ዳገት ማስወጣት ነው።

ድንኳንን ውኃ ዳር መትከል

ከአፋፉ ላይ ሲያዩት ሐይቁ፣ በደሴቱ ላይ ያለው የቂርቆስ ገዳምና በዙሪያው ያለው የእንሰት ማሳ ዓይን ይስባሉ፤ ሁሉም ታች ውኃው አጠገብ ማደር ይፈልጋል። ነገር ግን ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ሌሊት ወደ ጉድጓዱ ወለል ይወርዳል፣ ከውኃው የሚነሣው እርጥበትም ድንኳኑን እስኪንጠባጠብ ያርሰዋል። ከወለሉ ከፍ ያለ፣ ከነፋስ የተከለለ ጠፍጣፋ ቦታ የተሻለ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ የወሊሶን ምሽት አይቶ ልብስ መምረጥ አያዋጣም። እንደ ደረሱ፣ ሰውነት ሳይቀዘቅዝ፣ የራሰውን ልብስ እስከ ውስጡ መቀየር ያስፈልጋል። ብርዱ ከላይ ይልቅ ከመሬት ስለሚመጣ ከአንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ አንድ ደህና ምንጣፍ ይመረጣል።

ሳያስፈቅዱ ማረፍ

ባዶ የሚመስለው መስክ የሰው ግጦሽ ነው። የአካባቢውን አስጎብኚዎች አስቀድሞ አነጋግሮ ቦታ መያዝና ክፍያውን መጠየቅ፣ በዚያው ሳምንት ስለ መንገዱ ሰላም መረጃ መውሰድ፣ ለማገዶም ዛፍ ሳይነኩ ከሰል ይዞ መሄድ ግድ ነው። አፋን ኦሮሞ የሚናገር ሰው ከቡድኑ ውስጥ ቢኖር ብዙ ነገር ይቀላል።

የእሑዱን ቁልቁለት እንደ ዕረፍት መቁጠር

ጠዋት ጉም ሳይገለጥ፣ እጅ ደንዝዞ ፍሬን በማይጨብጥበት ሰዓት መነሣት አደገኛ ነው። ፍሬንን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድም ቸርኬውን በጣም ስለሚያግለው፣ ጭነት በበዛበት ብስክሌት ላይ ካመራዳሪያ እስከ ማፈንዳት ይደርሳል። የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ ጠበቅ አድርጎ መያዝና መልቀቅ፣ በመካከል በቂ ርቀት መተው፣ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ገበያ በሚሄዱ ሰዎች፣ በጋሪና በፈረስ አጠገብ ሲያልፉም ከሩቅ ድምፅ ማሰማት ያስፈልጋል። እኛ በየ10 ኪሎ ሜትሩ ቆመን የቸርኬውን ሙቀት እጃችንን አስጠግተን እንፈትሻለን፤ ከጋለ ደግሞ እስኪበርድ ሻይ እንጠጣለን።