የቤት ስቴሪዮ መሣሪያዎችን የድምፅ መጠን እንዴት ማመጣጠን ይቻላል?

ጎረቤት ከጎረቤት ግድግዳ በሚጋራባቸው እንደ ልደታ ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ፣ ማታ ካሴት ሲሰማ ቆይቶ ወደ ሲዲ ሲቀየር ድምፁ በድንገት የሚጎላው፣ መሣሪያዎቹ ወደ አምፕሊፋየሩ (ድምፅ ማጉያው) የሚልኩት ሲግናል እኩል ስላልሆነ ነው። ሲዲ ማጫወቻ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 2 ቮልት ይልካል፤ ካሴት ማጫወቻ ግን ግማሽ ቮልት ገደማ ስለሚያወጣ፣ በመካከላቸው የ12 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ልዩነት ይፈጠራል።

በመጀመሪያ የራሳቸው የድምፅ መቆጣጠሪያ ከሌላቸው መሣሪያዎች ድምፁ ዝቅተኛ የሆነውን ለይተው መነሻ ያድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ካሴት ማጫወቻው ነው። ቤዝና ትሬብሉን መሃል ላይ አድርገው፣ የድምፅ መለኪያ አፕ የጫኑበትን ስልክ ዘወትር በሚቀመጡበት ቦታ በጆሮዎ ከፍታ ያስቀምጡና፣ መለኪያው በአማካይ 70 ዴሲቤል አካባቢ እስኪያሳይ ድረስ አምፕሊፋየሩን ያስተካክሉ። ከዚህ በኋላ የአምፕሊፋየሩን ቮልዩም አይንኩ። የስልክ መለኪያ ትክክለኛውን ቁጥር ላይሰጥ ቢችልም፣ ስልኩና ቦታው እስካልተቀየሩ ድረስ ለማነጻጸር ይበቃል። ዘፈን የሚያጫውቱት በዚያው ስልክ ከሆነ ግን ለመለኪያው ሌላ ስልክ መዋስ ይኖርብዎታል።

ቀጥሎ በተቻለ መጠን ያንኑ ዘፈን በየመሣሪያው እያጫወቱ፣ የስልኩንና የዲሽ ሪሲቨሩን ድምፅ ከመነሻው ጋር ያስተካክሉ። የሁለቱም ቮልዩም ከመጨረሻው ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢቆም ይመረጣል፤ ምንጩ በጣም ከተቀነሰ አምፕሊፋየሩ ከዘፈኑ ጋር ከጀርባው ያለውን የ“ሽሽ” ድምፅም አጉልቶ ያወጣዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አንዳንድ ሪሲቨሮች ወደ ቀድሞ ቮልዩማቸው ስለሚመለሱ፣ የተስማማውን ቁጥር ጽፎ መያዝ ይጠቅማል።

ሲዲ ማጫወቻው የሚቀነስበት መንገድ ከሌለው፣ አስቀድሞ በአምፕሊፋየሩ ሜኑ ውስጥ የእያንዳንዱን ማስገቢያ ድምፅ ለብቻው የሚያስተካክል ምርጫ መኖሩን ይመልከቱ። ከሌለ፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ በቀዩም በነጩም ገመድ ላይ፣ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በሲግናሉ መስመር ላይ፣ 3.3 ኪሎ ኦም ደግሞ ከአምፕሊፋየሩ በኩል በሲግናሉና በግራውንዱ መካከል ቢበይድልዎት ሲግናሉ በ12 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሥራው ርካሽ ነው፤ ገመዱ የሚሰካው ግን አምፕሊፋየሩ ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው።

የሸክላ ማጫወቻ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። መርፌው የሚያወጣው ሲግናል የቮልት ጥቂት ሺህኛ ብቻ በመሆኑ፣ ፎኖ በተባለው ማስገቢያ ወይም በፎኖ ፕሪአምፕ (ቅድመ ማጉያ) በኩል ማለፍ አለበት፤ ይህም ድምፁን ከማጉላት ባሻገር ሸክላው ሲቀረጽ ሆን ተብሎ የተቀነሰውን ቤዝ ይመልሳል። ሲዲን በፎኖ ማስገቢያ መሰካት ድምፁን ክፉኛ ያበላሻል፤ ስፒከርንም ሊጎዳ ይችላል።

ቀረጻዎች ራሳቸው ስለሚለያዩ፣ ለዕለት ተዕለት ማዳመጥ የ1 ወይም የ2 ዴሲቤል ልዩነት አያሳስብም። በ1960ዎቹ የታተመን ሸክላ ከሲዲ ቅጂው ጋር ማወዳደር ሲፈለግ ግን የበለጠ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ጆሯችን በጥቂቱ ጎላ ያለውን ድምፅ የተሻለ ጥራት ያለው አድርጎ ይቀበለዋልና።