ኦቨን የማይፈልግ የስፕሪስ ጄሊ አሠራር

ጁስ ቤት ገብቶ ስፕሪስ ያዘዘ ሰው ያንን ብርጭቆ ያውቀዋል። ፓፓያው፣ አቮካዶውና ማንጎው ሳይቀላቀሉ ተደራርበው፣ መሃላቸው ማንኪያ ተተክሎ፣ ከጎን ሎሚ ተቆርጦ ይመጣል። ዛሬ የማሳያችሁ ያንኑ ስፕሪስ በጄላቲን አርግተን በማንኪያ የሚበላ ቀዝቃዛ ጣፋጭ የምናደርግበትን መንገድ ነው። ኦቨን አያስፈልግም። አንድ ድስት፣ የጁስ መፍጫ፣ ማጥለያ፣ ስድስት ብርጭቆና ፍሪጅ ይበቃል። እጅ የሚይዘው ሥራ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ የሚረዝመው ጥበቃው ነው። ለእሁድ እንግዳ ካሰባችሁት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀምሩት።

ከመጀመራችን በፊት ግን ስለ ፓፓያ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ።

መጀመሪያ የሠራሁት ለልጄ ልደት ነበር። ፓፓያውን በጥሬው ፈጨሁት፣ ጄላቲኑን አሟምቼ ቀላቀልኩበት፣ ማታ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት። ጠዋት ብርጭቆውን ዘንበል ሳደርገው እንደ ጁስ ፈሰሰ። ጄላቲን ያነሰው መስሎኝ ሌላ ፓኬት ጨመርኩበትና እስከ ምሳ ጠበቅኩ፤ ያው ነው። ያን ቀን በጣም አዝኜ ነበር፤ የፈሰሰው ሁለት ፓኬት ጄላቲን ብቻ ሳይሆን የልጄም ጉጉት ነው። ጥፋቱ ግን የጄላቲኑ አልነበረም፣ የጥሬው ፓፓያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ እንደ ረጃጅም ክር ይበታተናል፤ ሲቀዘቅዝ ክሮቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው ውሃውን እንደ መረብ ይይዙታል። መርጋት የምንለው ይህንን ነው። ጥሬ ፓፓያ ውስጥ ደግሞ ፓፓይን የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ሥራው ፕሮቲን መቆራረጥ ነው። ጠንካራ ሥጋ ለማለስለስ ፓፓያ የሚጠቀሙ ሰዎች ያሉትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ክሮቹን ይበጣጥሳቸዋል፣ መረቡም አይሠራም። ጄላቲን ብትጨምሩበትም የጨመራችሁትን ይበላዋል። አናናስ፣ ኪዊ፣ ዘይቱንና ዝንጅብልም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። ፍሬውን ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ አይረዳም፤ ኢንዛይሙን የሚያሸንፈው እሳት ነው። የቆርቆሮ አናናስ ያለ ችግር የሚረጋው ሲታሸግ ስለተቀቀለ ነው። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ እንጆሪና አቮካዶ በጥሬያቸው ቢገቡም ችግር የለባቸውም።

ስለ ጄላቲኑም አንድ ቃል። የምትፈልጉት ቀለምና ስኳር የሌለበትን ነጭ ዱቄት ነው። ጄሎ እየተባለ በካርቶን የሚሸጠው ባለቀለሙ ዱቄት ስኳሩና ማጣፈጫው አብሮ ስላለበት ከዚህ በታች ባለው መጠን አይሠራም። ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የላከላችሁ ከሆነ ማሸጊያውን አንብቡ፤ እዚያ የሚሸጠው ጄላቲን በብዛት ከአሳማ ቆዳ የሚሠራ ነው። የከብት መሆኑ የተጻፈበትን ወይም የሐላል ምልክት ያለበትን ብትመርጡ የአሳማ ይሆን ብላችሁ አትሠጉም።

ለስድስት ብርጭቆ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ተልጦ ፍሬው የወጣለት 300 ግራም ፓፓያ፣ አንድ ትልቅ የበሰለ አቮካዶ፣ ሁለት መካከለኛ ማንጎ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ኮንደንስድ ሚልክ፣ ሁለት ሎሚ፣ 15 ግራም ጄላቲን። ጄላቲኑን ለሦስት እኩል ትከፍሉታላችሁ፤ ለአንዱ ድርብ 5 ግራም፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል። ለሌላ ፍሬ መጠኑን ራሳችሁ ማስላት ከፈለጋችሁ 7 ግራም ጄላቲን ግማሽ ሊትር ያረጋል፤ የውሃ መለኪያ ከሌላችሁ ግማሽ ሊትሯ ሃይላንድ ጥሩ መለኪያ ናት።

መጀመሪያ ፓፓያው። በትንንሹ ቆራርጣችሁ ከ100 ሚሊ ሊትር ውሃና ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር ድስት ውስጥ ጨምሩት። መፍላት ከጀመረ በኋላ አሥር ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ። ፓፓይን ሙቀት የሚችል ኢንዛይም ነው፣ ለብ ማድረግ አይበቃውም፤ በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከደቂቃው አትቀንሱ። እስከዚያው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ሳህን ላይ አድርጉና ከላዩ የአንዱን ድርብ ጄላቲን በትኑበት። ውሃውን ዱቄቱ ላይ አታፍስሱ፤ ይጓጉላል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ውሃውን ጠጥቶ እንደ ስፖንጅ ያብጣል።

ፓፓያውን ከእሳት አውርዱና በሹካ አድቅቃችሁ በማጥለያ አሳልፉት። ትኩስ እያለ ያበጠውን ጄላቲን ጨምራችሁ አማስሉ፤ ጄላቲኑ ከገባ በኋላ ግን መልሳችሁ አታፍሉት፣ የመርጋት አቅሙ ይደክማል። ጠብታ ወስዳችሁ በሁለት ጣት እሹት። አሸዋ የመሰለ ነገር ከተሰማችሁ ገና አልሟሟም። ሲለሰልስ ግማሽ ሎሚ ጨምቁበት፤ የተቀቀለ ፓፓያ ያለ ሎሚ ጣዕሙ ይደበዝዛል። የብርጭቆውን ሲሶ እስኪሞላ ቅዱና ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆዩት።

ሁለተኛው አቮካዶ ነው። አቮካዶ እሳት አይወድም፣ ሲሞቅ ይመራል፤ ስለዚህ የምናሞቀው ውሃውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ጄላቲን እንደ በፊቱ አሳብጡ፣ በ150 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ አሟሙት፣ ለብ እስኪል ጠብቁ። ከዚያ ከአቮካዶው፣ ከኮንደንስድ ሚልኩና ከአንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር ፍጩት። ወፈር ይላል፤ በማንኪያ እየጨለፋችሁ አስቀምጡና እንዲስተካከል ብርጭቆውን የታጠፈ ፎጣ ላይ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። አቮካዶን መሃል ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው፤ ማንጎው ከላይ ስለሚሸፍነው አየር አያገኘውም፣ አይጠቁርም።

እዚህ ላይ የሰዓቱ ጉዳይ ወሳኝ ነው። ሁለተኛውን ከመጨመራችሁ በፊት ፓፓያውን በጣት ጫፍ ንኩት። ጣታችሁን ያዝ እያደረገ ግን ካላቀለመው ትክክለኛው ጊዜ ነው። ቀለሙ ጣት ላይ ከወጣ አልረጋም፣ ይቀላቀላል። አቮካዶውም ላይ ማንጎ ከመጨመራችሁ በፊት እንዲሁ ፈትሹ፤ 45 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።

ማንጎው እንደ ፓፓያው ባይከፋም እኔ በጥሬው አምኜው አላውቅም። ሁለቱን ማንጎ ፈጭታችሁ ቃጫውን በማጥለያ አስቀሩ፤ ቃጫ የበዛበት ማንጎ ከሆነ ሁለት ጊዜ አጥሉት፣ የረጋ ነገር ውስጥ ክር ሲገኝ ደስ አይልም። በ50 ሚሊ ሊትር ውሃና በቀሪው ስኳር ሦስት ደቂቃ አፍሉት፣ አውርዱት፣ የመጨረሻውን ያበጠ ጄላቲን አማስሉበት። አሁን ታገሡ። የሕፃን ጡጦ ወተት እንደሚሞከረው አንጓችሁ ላይ ጠብ አድርጉ፤ ትኩሳት ካልተሰማችሁ ዝግጁ ነው። ትኩስ ማንጎ ከታች ያለውን አቮካዶ ያቀልጠዋል። ስትቀዱት ማንኪያ ገልብጣችሁ በጀርባው ላይ አፍስሱት፤ ውሃው በአንድ ቦታ ወርዶ እንዳይቦረቡር። ከዚያ አራት ሰዓት፣ ቢቻል እስከ ጠዋት ፍሪጅ ውስጥ ይደር።

በጾም ቀን ይህ አሠራር እንዳለ አይሆንም፤ ጄላቲኑም ኮንደንስድ ሚልኩም ከእንስሳት ናቸው። ለረቡዕና ለዓርብ፣ ለዓቢይ ጾምም ከባሕር አልጌ የሚሠራው አጋር አጋር የተባለው ዱቄት አለ። አጋር አጋር ፕሮቲን ስላልሆነ ፓፓይን አይነካውም፤ ጥሬ ፓፓያ እንኳ ይረጋል። ለእያንዳንዱ ድርብ አንድ የሻይ ማንኪያ ሞላ አድርጋችሁ ከነፈሳሹ ጋር ከቀዝቃዛው ጀምራችሁ አፍሉት፣ እያማሰላችሁ አምስት ደቂቃ ይንተክተክ። ከጄላቲን በተቃራኒው ይህ ካልፈላ አይሠራም። ለአቮካዶው በኮንደንስድ ሚልኩ ፋንታ የኮኮናት ወተትና ስኳር ተጠቀሙ፤ አቮካዶው ደግሞ ከፍሪጅ የወጣ አይሁን፣ ምክንያቱም አጋር አጋር 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መርጋት ስለሚጀምር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ እዚያው ይቋጠራል። ድርቦቹን ሳታዘገዩ፣ የታችኛው ገና ቆዳ እንዳወጣ ጨምሩ። ሙሉ በሙሉ ከረጋ በኋላ ከጨመራችሁ ሲበላ አንዱ ከሌላው ተንሸራቶ ይለያያል።

አጋር አጋር አንዴ ከረጋ እስከ 85 ዲግሪ ድረስ አይቀልጥም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለምትኖሩ፣ ወይም እንደ ድሬዳዋና ጋምቤላ ባለ ሙቀት ውስጥ ላላችሁ ከጾሙም ውጭ ቢሆን እሱን ብትጠቀሙ እመክራለሁ። የጄላቲኑ 30 ዲግሪን አልፎ ከሞቀ መላላት ይጀምራል፤ ከፍሪጅ የሚወጣው ሰው ማዕድ ከቀረበ በኋላ ይሁን። መብራት ጠፍቶ ለሰዓታት ሞቆ ያደረውን ግን መልሳችሁ አርግታችሁ አታቅርቡት፣ ወተት አለበት።

ሲቀርብ ከላይ ትንሽ ቪምቶ ጠብ ታደርጋላችሁ፣ ቀሪውን ሎሚ ቆርጣችሁ ከጎን ታስቀምጣላችሁ። ረጅም የሻይ ማንኪያ ስጡ፤ ሦስቱም ድርብ በአንድ ጉርሻ እንዲመጣ እስከ ታች መድረስ አለበት። የተረፈውን ሸፍናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና በሁለት ቀን ውስጥ ጨርሱት።