አሜሪካ ውስጥ ወንጀል ከደረሰባችሁ ካሳውን እንዴት ትጠይቃላችሁ፣ የታሰረውንስ ሰው እንዴት ትከታተላላችሁ

አንድ ሰው ተደብድቦ ወይ ተዘርፎ ሆስፒታል ገባ ሲባል እኛ መጀመሪያ የምንሮጠው ጎፈንድሚ ለመክፈት ነው፣ ይከፈት አልቃወምም፣ ግን ሃምሳውም ስቴቶችና ዲሲ ለወንጀል ተጎጂ ካሳ የሚከፍል ፕሮግራም አላቸው ስትሉት ብዙ ሰው "ኧረ ባካችሁ" ይላል። አለ! ካሊፎርኒያ እንኳን ከ1965 ጀምሮ አለው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሌላው ደግሞ የጎዳችሁ ሰው የት እንደታሰረና መቼ እንደሚወጣ ማወቅ ትችላላችሁ፣ ካልተመዘገባችሁ ግን ማንም ደውሎ ላይነግራችሁ ይችላል። ካሳውና የእስረኛው መረጃ በተለያየ ቢሮ ነው የሚያልቁት፣ አንዱ ጋ ስለሄዳችሁ ሌላው ያውቃል ብላችሁ እንዳትቀመጡ።

መጀመሪያ የገንዘቡን ምንጭ እወቁት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "የመንግስት እርዳታ ከበላሁ ግሪን ካርዴን ያበላሽብኛል" ብሎ ይፈራል። በ1984 በሬገን ጊዜ የወጣ ህግ አለ፣ በአጭሩ ቮካ ይሉታል፣ እሱ ነው የተጎጂዎች ፈንድ የሚባለውን ያቋቋመው። ፈንዱ ውስጥ የሚገባው ከታክስ ከፋዩ ኪስ ሳይሆን በፌደራል ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎችና ኩባንያዎች የሚከፍሉት ቅጣትና የተወረሰ የዋስ ገንዘብ ነው። ከዛ ወደ ስቴቶች ይከፋፈላል፣ ስቴቱም የራሱን ይጨምርበታል። ይሄ ለተጎጂ የሚከፈል ካሳ ነው፣ ፉድ ስታምፕ ምናምን አይደለም። ወረቀት የሌለው ሰውም ቢሆን በአብዛኛው ስቴት ማመልከት ይችላል፣ ዲሲ ውስጥም እንደዛው። ስጋት ካላችሁ ግን ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ሎየር አማክሩ።

አሁን ወደ ስራው። ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከፖሊስ ሪፖርት ነው። ፖሊሱ ሲሄድ ቁጥር ያለበት ካርድ ወይ ብጣሽ ወረቀት ይሰጣችኋል፣ ዲሲ ውስጥ ሲሲኤን ይሉታል፣ እሱን ወዲያው ፎቶ አንሱት፣ ከዚህ በኋላ የምትሞሉት ወረቀት ሁሉ እሱን ቁጥር ነው የሚጠይቃችሁ። ሪፖርት ለማድረግም ለማመልከትም የጊዜ ገደብ አለ፣ ገደቡ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ዲሲ ማመልከቻውን በአንድ ዓመት ውስጥ ይፈልጋል፣ ሜሪላንድ ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጣል። ካለፈባችሁም አልቆላችኋል ማለት አይደለም፣ "በቂ ምክንያት" ካለ የሚቀበሉ አሉ፣ ኮማ ውስጥ ነበርኩ፣ ፕሮግራሙ መኖሩን አላወቅኩም፣ ፈርቼ ነበር፣ ብቻ እውነተኛውን ምክንያት ጻፉት። በወሲብ ጥቃትና በቤት ውስጥ ጥቃት ደግሞ ብዙ ቦታ ፖሊስ ባትጠሩም የሆስፒታል ምርመራ ወይ ፍርድ ቤት ያወጣው የጥበቃ ትእዛዝ ይበቃል።

ቢሮው የት ነው ለምትሉ፣ ዲሲ በሱፒሪየር ኮርት ስር ነው፣ ቨርጂኒያ ቨርጂኒያ ቪክቲምስ ፈንድ ይባላል፣ የሚያስተዳድረው የዎርከርስ ኮምፐንሴሽን (ስራ ላይ ለተጎዳ ሰው የሚከፈል ካሳ) ኮሚሽኑ ነው፣ ሜሪላንድ ደግሞ ክሪሚናል ኢንጁሪስ ኮምፐንሴሽን ቦርድ አለው። ሌላ ስቴት ከሆናችሁ የስቴቱን ስም ጽፋችሁ "ክራይም ቪክቲም ኮምፐንሴሽን" ብላችሁ ጎግል አድርጉ፣ ግን ገንዘብ ክፈሉና እንሙላላችሁ የሚል ሳይት ካጋጠማችሁ ውጡ፣ ማመልከቻው ነጻ ነው። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ዲሲ በ2004 ያወጣው የቋንቋ ህግ አለው፣ አማርኛም የከተማው መስሪያ ቤቶች ወረቀት ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የ12 ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፣ እናቱ እንዴት እንደተመታች ልጅ ቁጭ ብሎ መተርጎም የለበትም።

ምን ይከፍላሉ? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ማታ ፓርኪንግ ሎት ላይ የሚሰራ ልጅ ተዘርፎ መንጋጋው ተሰብሯል እንበል። የሆስፒታሉ ቢል፣ የአምቡላንሱ፣ የጥርስ ሀኪሙ፣ የካውንስሊንጉ፣ ሳይሰራ የቀረበት ደሞዝ እነዚህ ይገባሉ። የተወሰደበት አይፎንና ኪሱ ውስጥ የነበረው ካሽ ግን በአብዛኛው አይከፈልም፣ ለህመሙ ለስቃዩ የሚባልም የለም። ልጁ ስራ ላይ ስለነበረ ደግሞ መጀመሪያ ዎርከርስ ኮምፕ ነው የሚባለው፣ ምክንያቱም ይሄ ፕሮግራም ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚከፍለው፣ ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬይድ፣ ዎርከርስ ኮምፕ ያልሸፈኑትን። ጣሪያም አለው፣ ዲሲ ለአንድ ኬዝ እስከ 25,000 ዶላር ነው። እስኪወሰን ወራት ስለሚፈጅ የሆስፒታሉ ቢሊንግ ጋ ደውላችሁ "ክሌም አስገብቻለሁ ኮሌክሽን አትላኩብኝ" ብላችሁ የክሌም ቁጥሩን ስጧቸው፣ ብዙ ጊዜ ይይዙላችኋል።

ደሞዙ ላይ ብዙ የኛ ሰው ይጎዳል፣ በተለይ ኡበር የሚነዳና በቲፕ የሚሰራ። የሚያዩት ፔይስተብ ወይ ታክስ ሪተርን ነው። በሳምንት ይሄን ያህል አገኝ ነበር ብሎ መሃላ አይሰራም፣ ታክስ ላይ ያሳየኸው ግማሹን ከሆነ የሚታሰብልህ ያው ግማሹ ነው። ምንም ማድረግ አይቻልም።

ሰው ከሞተ ቀብርም ይሸፍናሉ፣ እዚህ ጋ እድር ያላችሁ አስተውሉ። እኛ ጋ ደረሰኝ የሚያስብ የለም፣ አንዱ የፊውነራል ሆሙን ይከፍላል፣ ሌላው አስከሬኑን ወደ አዲስ አበባ መላኪያ ይከፍላል፣ አንዱ ምግቡን ይችላል። ቢሮው ግን ማን ምን እንደከፈለ በስሙ የተጻፈ ደረሰኝ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ከለቅሶው ቀን ጀምሮ አንድ የተረጋጋ ሰው መድቡና ደረሰኝ ሁሉ እሱ ጋ ይጠራቀም። ጎፈንድሚ ከተሰበሰበ ደግሞ ሲጠይቋችሁ አትደብቁ፣ እንዴት እንደሚያዩት በየስቴቱ ይለያያል ግን ደብቃችሁ ከተገኘ ሌላውም ነገራችሁ ይጠረጠራል።

ሽማግሌ ነገር ላይ አንድ ነገር ልበል። ባል ሚስቱን መትቶ ሲታሰር ከቤተክርስቲያንም ከዘመድም "ክሱን አንሺለት፣ የልጆችሽ አባት ነው" ብለው ይመጣሉ። እዚህ አገር ክሱ የሷ አይደለም፣ የመንግስት ነው፣ እሷ ብትፈልግም በራሷ ማንሳት አትችልም። ይባስ ብሎ ብዙ ፕሮግራሞች ከፖሊስና ከአቃቤ ህግ ጋር መተባበርን ስለሚጠይቁ አልመሰክርም ካለች ካሳውም ሊቀርባት ይችላል። ሽማግሌዎቹ ይሄን ሳያውቁ ነው የሚመክሯት፣ ቢያንስ እሷ አውቃ ትወስን።

ማመልከቻው ከተከለከለ ደብዳቤው ላይ ምክንያቱና የይግባኝ ቀኑ ተጽፏል፣ ቀኑን ካሌንደር ላይ ያዙት። ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ምክንያት ዘግይተሃል፣ አልተባበርክም፣ ወይም ጸቡ ላይ አንተም እጅህ አለበት የሚል ነው። መጀመሪያ ውድቅ የተደረገ ነገር በይግባኝ ሊቀየር ይችላል፣ በተለይ የመርማሪው ፖሊስ ደብዳቤ ከተያያዘበት። ፍርድ ቤት "ተከሳሹ ይክፈል" ብሎ የሚፈርደው ሬስቲቱሽን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እሱን ለማግኘት ከቅጣቱ ውሳኔ በፊት የኪሳራችሁን ዝርዝር ለአቃቤ ህጉ ቪክቲም አድቮኬት (ተጎጂዎችን የሚያግዘው ሰራተኛ) መስጠት አለባችሁ፣ በኋላ ከሁለቱም በኩል ለአንድ ቢል ከተከፈላችሁ አንዱን ትመልሳላችሁ።

አሁን ወደ እስረኛው። የስቴትና የካውንቲ እስር ቤት ከሆነ ቫይን የሚባል እስረኛው ሲፈታ ወይ ሲዛወር የሚያሳውቅ ሲስተም አለ፣ ቫይንሊንክ ብላችሁ ግቡ። ይሄ ሲስተም የመጣው ሉዊቪል ኬንታኪ ውስጥ በ1993 አንዲት ወጣት የድሮ ፍቅረኛዋ በዋስ መፈታቱን ማንም ሳይነግራት ስለገደላት ነው፣ ቤተሰቧ ታገለና በዓመቱ ተጀመረ። ነጻ ነው፣ እስረኛው መመዝገባችሁን አያውቅም። በስልክ ከመረጣችሁ አራት አሃዝ ፒን ታወጣላችሁ፣ ሰውየው ሲፈታ ወይ ሲዛወር ማሽኑ በሌሊትም ቢሆን ይደውላል፣ ፒኑን እስክታስገቡ ደጋግሞ ይደውላል፣ ስለዚህ ስካም መስሏችሁ ብሎክ እንዳታደርጉት። ከባለቤታችሁ ጋ የምትጋሩት ኢሜይል ወይም ፋሚሊ ፕላን ውስጥ ያለ ስልክ ላይ አትመዝገቡ፣ የምታምኗት ጓደኛ ስልክ ይሻላል።

ዲሲ ግን ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዲሲ የራሱ ፕሪዝን የለውም፣ ሎርተን የሚባለው የድሮ ፕሪዝኑ በ2001 ተዘግቷል፣ በ1997ቱ ህግ መሰረት በከባድ ወንጀል የተፈረደበት የዲሲ ሰው ወደ ፌደራል እስር ቤት ነው የሚሄደው፣ ዌስት ቨርጂኒያ ወይ ከዛም ራቅ ያለ ቦታ ሊሆን ይችላል። ዲሲ ጄይል ፈልጋችሁ "የለም" ከተባለ ተፈቷል ማለት ላይሆን ይችላል፣ የፌደራሉን ኢንሜት ሎኬተር (የእስረኛ መፈለጊያ ሳይት) እዩ፣ ከ1982 ወዲህ ያሉትን ሁሉ ይዟል፣ ያለበትን ቦታና የሚወጣበትን ቀን ያወጣል። ኬዙ የፌደራል ፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ ቪኤንኤስ የሚባል ለተጎጂዎች የሚያሳውቅ ሲስተም አለ፣ አቃቤ ህጉ ቪክቲም ብሎ ሲመዘግባችሁ ቪን ቁጥር (የተጎጂ መለያ ቁጥር) እና ፒን ይልኩላችኋል፣ ያንን ደብዳቤ እንዳትጥሉት። የ2004ቱ የተጎጂዎች መብት ህግ በፌደራል ኬዝ ስለ ችሎቱም ስለ መፈታቱም እንዲነገራችሁ፣ ፍርዱ ላይም እንድትናገሩ መብት ይሰጣል።

ሰውየው በፊት ምን ሰርቷል የሚለውን ሎኬተሩ አያወጣም፣ ወንጀሉን እንኳን አይጽፍም። እሱ ያለው ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ነው። የሜሪላንድ ኬዝ ሰርች ነጻ ነው፣ ፔሰር የሚባለው የፌደራል ፍርድ ቤቶች መዝገብ ሳይት በገጽ 10 ሳንቲም ያስከፍላል፣ በሶስት ወር ውስጥ ከ30 ዶላር በታች ከሆነ ግን ይተውላችኋል። የልጅነት መዝገብና ለዳኛው ብቻ የሚጻፈው ቅድመ ፍርድ ሪፖርት ዝግ ናቸው፣ ብር ክፈሉና አወጣላችኋለሁ የሚል ካለ ሌባ ነው። ስም ብቻ አትመኑ፣ የትውልድ ቀንና የኬዝ ቁጥር አመሳክሩ፣ የሌላ ሰው ፎቶ ቲክቶክ ላይ ለጥፎ ጉድ የሆነ አለ። በኢሚግሬሽን እጅ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ ለሱ የተለየ ዲኤችኤስ ቫይን የሚባል አለ።

ወረቀት ለሌላችሁ ተጎጂዎች ለወንጀል ተጎጂ የሚሰጠውን ዩ ቪዛ የሚባለውን ሎየር ጋ ጠይቁ፣ ከ2000 ጀምሮ ያለ ነው፣ በዓመት 10,000 ብቻ ስለሚሰጥ ወረፋው ረጅም ነው፣ ፖሊስ ወይ አቃቤ ህግ የሚፈርመው ወረቀት ደግሞ ከተፈረመ ስድስት ወር ውስጥ ካልገባ ይቃጠላል።

የመጨረሻው መንግስትን መጠየቅ ነው፣ እኛ ደግሞ እዚህ ላይ ሰነፍ ነን። ፈንዱ በ2017 ከ13 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበረው፣ ከዛ ትልልቅ ኩባንያዎች ፍርድ ቤት ሳይደርሱ በስምምነት መጨረስ አበዙ፣ የሚከፍሉት ቅጣት ፈንዱ ውስጥ ሳይሆን ትሬዠሪ (የመንግስት ግምጃ ቤት) ይገባ ነበር። በ2021 ህጉ ተስተካክሎ እሱም ወደ ፈንዱ እንዲገባ ተደረገ፣ ግን ኮንግረስ በየዓመቱ ይወጣ የሚለው ጣሪያ በ2018 4.4 ቢሊዮን የነበረው በ2024 1.35 ቢሊዮን ገደማ ደርሷል። ይሄ በይበልጥ የሚጎዳው ሼልተሮችን፣ ሆትላይኖችንና አስተርጓሚ የሚቀጥሩትን ድርጅቶች ነው። እስረኞቹን በተመለከተ ደግሞ የፌደራል እስር ቤቶች ቢሮ እስረኞቹን በዜግነት፣ በእድሜ፣ በወንጀል ዓይነት ከፋፍሎ ሳይቱ ላይ ያወጣል፣ "እስር ቤቱን የሞሉት እነ እንትና ናቸው" የሚል ሰው ሲመጣ እሱን ገጽ ክፈቱለት።

የስቴታችሁን ለማወቅ የመረጃ ጥያቄ በኢሜይል ጻፉ፦ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው አመለከተ፣ ስንቱ ተከለከለ፣ በምን ምክንያት፣ ስንት ቀን ፈጀ፣ ስንቱ በአስተርጓሚ ቀረበ። የቨርጂኒያ መስሪያ ቤት በ5 የስራ ቀን መልስ መስጠት አለበት፣ የሜሪላንድ በ30 ቀን። ክሌማችሁ ወራት ከቆየና ስልክ ካልተነሳ ለስቴት ተወካያችሁ ቢሮ ጻፉ፣ የፌደራል ኬዝ ከሆነ ደግሞ ለኮንግረስ ተወካያችሁ፣ የዲሲ ሰዎች ተወካያችሁ ድምፅ ባይኖራትም ቢሮዋ ደብዳቤ ይጽፋል። ፈርሙ የሚሏችሁ የፕራይቬሲ ፎርም አለ፣ ካልፈረማችሁ ስለ ኬዛችሁ መጠየቅ አይችሉም። ኢሜይሉን አጭር አድርጉት፣ የክሌም ቁጥር፣ ያስገባችሁበት ቀን፣ የምትፈልጉት አንድ ነገር፣ ከላይ ደግሞ አድራሻና ዚፕ ኮድ፣ ከዲስትሪክታቸው መሆናችሁን ካላዩ ወደ ጎን ነው የሚያደርጉት።