ከአራት ኪሎ ተነስቶ እንጦጦን በእግር መውጣት

እንጦጦ ቅርብ ነው። ችግሩም እሱ ነው። ከአራት ኪሎ ቀና ስትሉ ስለሚታይ ማንም እንደ ተራራ አይቆጥረውም። ሰው በሸበጥ ይወጣዋል፣ ውሃ ሳይዝ ይወጣዋል፣ ምሳውን በልቶ 9 ሰዓት ላይ "እስቲ እንሂድ" ብሎ ይነሳል። መሀል ከተማው እኮ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ 3,200 ገደማ። አየሩ ይሳሳል፣ ሙቀቱም በ5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል።

እኔ ዕቅዴን የምጀምረው ከመመለሻው ነው። አመሻሽ ላይ ጫካው ውስጥ መገኘት የለባችሁም። ጅብ አለ፣ መንገዱም ጭር ይላል። ስለዚህ ቢበዛ 8 ሰዓት ላይ መውረድ ጀምሩ። የእግር መንገዱ ከሚጀምርበት ከሽሮ ሜዳ ላይ እስካለችው ቤተ ክርስቲያን፣ እንጦጦ ማርያም፣ ለጀማሪ 2 ሰዓት ያዙለት፣ ላይ ለማረፍና ለማየት ሌላ 2 ሰዓት ጨምሩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አራት ኪሎ ታክሲ ከያዛችሁ ጊዜ አላችሁ። ጎህ ሳይቀድ ግን አትነሱ፣ ብቻችሁንም አትውጡ። ሦስት አራት ሁኑ። ጓደኛ ካጣችሁ ወር በገባ በ21 ሂዱ፣ የማርያም ዕለት ስለሆነ ነጠላ የለበሰ ሰው ከዳገቱ አይጠፋም።

ታክሲው በስድስት ኪሎ አድርጎ ሽሮ ሜዳ ያወርዳችኋል። ውሃ እዚያው ግዙ፣ ለአንድ ሰው 2 ሊትር። ለስንቅ ከበሶ የሚሻል አላገኘሁም። ዱቄቱን በደረቁ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ ያዙ፣ ላይ ስትደርሱ ውሃና ትንሽ ስኳር አክላችሁ መበጥበጥ ነው። ቆሎም ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ከሽሮ ሜዳ በላይ አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ የእግር አቋራጮቹ ደግሞ ባሕር ዛፉን ሰንጥቀው ቀጥ ይላሉ። አቋራጩ ያምራል፣ ግን ቁና ቁና ያስተነፍሳል። እርምጃችሁን አሳጥሩ። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር እያወራችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው፣ ቁሙ። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ ደግሞ በጉልበት አትግፉ፣ ተመለሱ። እግራችሁ ስር ያለውንም እዩ። የደረቀው ቅጠል ያንሸራትታል፣ ያ ቁልፍ የሚመስለው ጠንካራው የባሕር ዛፍ ፍሬ ደግሞ ጫማ ስር ሲገባ እንደ ጠጠር ይንከባለላል።

እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሊያጋጥሟችሁ ይችላሉ። ሸክሙ ከጀርባቸው ግራና ቀኝ ረጅም ነው፣ ጎንበስ ስላሉም ከፊታቸው ብዙ አያዩም። ቀድማችሁ ከመንገዱ ውጡ፣ በላይኛው በኩል ቁሙ። "በርቱ እማማ" በሏቸው። አንዴ አንዲት እናት ቆም ብለው "ልጄ፣ በዚያ በኩል ጭቃ ነው፣ በዚህ ሂድ" ብለውኝ ከብዙ መንሸራተት አድነውኛል። መንገዱን ከእነሱ በላይ የሚያውቀው የለም፣ ጠይቋቸው።

ላይ ስትደርሱ ማረፊያችሁ እንጦጦ ማርያም ናት። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡት እዚህ ነው። አጠገቡ የቆየው ቤተ መንግሥታቸው አለ፣ ጭቃና እንጨት ነው፣ ስታዩት ትገረማላችሁ። ሴቶች ነጠላ ያዙ። ዝናብ ከመጣ ደጀ ሰላሙ ሥር ተጠለሉ፣ ሰው አስፈቅዳችሁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ካፌዎች አሉት፣ ግን ፓርኩ ሰፊ ስለሆነ ከየት ወደ የት እንደምትሄዱ አስቀድማችሁ ለዩ።

ስለ ዝናብ መጠለያ የማነሳው ምክንያት አለኝ። አንድ ሐምሌ ላይ መጠለያ ሳናስብ ወጥተን መሀል ጫካ ዶፍ ያዘን። ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ተደበቅን። ወዲያው መብረቅ ሲያጓራ ምን ያህል እንደተሳሳትን ገባኝ፣ ረጅም ዛፍ ሥር መቆም የመጨረሻው መጥፎ ቦታ ነው። በላብ የራሰው ቲሸርቴ ጀርባዬ ላይ በረዶ ሆነ፣ እጄ የጃኬቴን ዚፕ መያዝ አቃተው። ከዚያ ወዲህ ደረቅ ቲሸርት በፌስታል ጠቅልዬ ሳልይዝ አልወጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ተዉት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ከተማውም እስከ ዳር ይታያል፣ ጠዋቱ ብቻ ይበርዳል።

ሲወረድ ነው ጉልበት የሚጎዳው። ከዋዜማው የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ ካልሆነ ቁልቁለቱ ላይ ጫማው እየገፋ ያቆስለዋል። መውረድ ከመጀመራችሁ በፊት የጫማ ክራችሁን ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ አቋራጩ እርጥብ ከሆነ ደግሞ አስፋልቱን ይዛችሁ ውረዱ።